ደብረ ብርሃን ለእናቴ ቤት የማሞቂያ ምድጃ፦ የጭስ ማውጫውን በትክክል እንዴት ልትከል?

የሸዋ ልጅ | ጥቅምት 12

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። እናቴ 74 ዓመት ሆኗታል፤ ጉልበቷን ያማታል። እስከ ዛሬ ክፍሏን የምታሞቀው በከሰል ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት በሩንም መስኮቱንም ዘግታ ማንደጃውን ከአልጋዋ ሥር አስጠግታ ተኛች። ጎረቤታችን ለኪዳን ሊቀሰቅሳት መጥቶ ሲያንኳኳ መልስ ሲያጣ በሩን ገፍቶ ባይገባ ኖሮ ዛሬ እናት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳይገባ ከልክያለሁ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼላት ነበር፤ መብራት የሚጠፋው ግን ብርዱ በሚጠነክርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተበየደ፣ በር ያለው የእንጨት ምድጃ አሠራሁ። የጭስ መውጫ ቀዳዳው 15 ሴንቲ ሜትር ነው። የቸገረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቤቱ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር የቆመ የጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.80 ሜትር፣ እስከ ጣሪያው አናት 4.50 ሜትር ነው።

ያነጋገርኩት ባለሙያ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር የአሸንዳ ቱቦ ገዝተን ከምድጃው ጀርባ ግድግዳውን በስተን እናውጣው፣ ውጭ አንድ ሜትር ወደ ላይ እናጥፈውና ይበቃል አለኝ። «ጭስ ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል» ነው የሚለው። እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም። ከሰሉን ያወጣሁት እናቴን ለማዳን ነው፤ ሌላ አደጋ በገዛ እጄ ማስገባት አልፈልግም። የምታውቁ እርዱኝ።

ብየዳ ቤት | ጥቅምት 12

ወንድሜ፣ እናትህ እንኳን ተረፉ። እኔ ብረት ሥራ ላይ 18 ዓመት ቆይቻለሁ። የአሸንዳውን ቱቦ እርሳው። አሸንዳ ለውኃ የተሠራ ስስ ጋልቫናይዝድ ነው። የላዩ ሽፋን ዚንክ ነው፤ ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከዚያም በፊት መላላጥ ይጀምራል። ብየዳ ላይ የዋለ ሰው የዚንክ ጭስ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል፤ ማታ ብርድ ብርድ እያለው፣ ትኩሳት ይዞት ያድራል። ጥቁር ላሜራ 2 ሚሊ ሜትር አስጠቅልል። ስፋቱንም ከ15 አታሳንሰው። ምድጃው በ15 እየተነፈሰ በ10 እንዲያወጣ ከተደረገ ቀሪው ጭስ የሚመለሰው ወደ ቤት ነው።

ሞላ የጠራው | ጥቅምት 13

ሁሉም ሰው በዚህ ልክ መጨነቁ አይገባኝም። አያቶቻችን በከሰልና በእንጨት እሳት ዳር አርጅተዋል። መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጎ ከሰሉ ፍም እስኪሆን ውጭ ማቆየት ነው። ጭስ የሌለው ፍም ምን ያደርጋል? ለአንዲት እናት ክፍል ይህን ሁሉ ብረትና ወጪ ማብዛት አስፈላጊ አይመስለኝም።

ነርሷ | ጥቅምት 13

ወንድም ሞላ፣ በቅንነት እንደጻፍህ ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህን አንብቦ ዛሬ ማታ ፍም የሚያስገባ ሰው ስለሚኖር ዝም ማለት አልችልም። በብርዱ ወራት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። በጋቢ ተጠቅልለው የሚመጡትን አይቻለሁ፤ ከአንድ አልጋ እናትና ልጅ አብረው ሲመጡ አይቻለሁ።

የሚገድለው የምናየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ከሰል ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ «አሁን ደህና ነው» በሚባልበት ሰዓት ጋዙ በብዛት ይወጣል። ኦክስጅንን ከሚሸከመው የደማችን ክፍል ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጉልበት መክዳት። ነቅቶ ያለ ሰው እንኳ በሩን ለመክፈት አቅም ያጣል፤ የተኛው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ያልፋል።

የአያቶቻችን ነገር እውነት ነው፤ ግን ቤታቸውን አስታውስ። ጣሪያው ሣር ነበር፤ ጭሱ በሣሩ መካከል እየተነነ ይወጣ ነበር። የዛሬው ቤት ኮርኒስ አለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ መስኮቱ መስታወት ነው። ብርድ እንዳይገባ የዘጋነው ሁሉ ጋዙም እንዳይወጣ ዘግቶታል። በዚያም ላይ የጥንቱ ጭስ ሰው አልጎዳም ማለት አይደለም፤ የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ምስክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል።

አንድ ነገር ልጨምር። በከሰል የታፈነ ሰው ካገኛችሁ ወደ ውጭ አውጡትና በቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱት። ወተት አታጠጡት፤ ራሱን የሳተ ሰው ይታነቃል። ንጹሕ አየር ብቻ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ሙሉ ኦክስጅን ሲያገኝ ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ላይሞላ ይችላል። የነቃ ቢመስልም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የሸዋ ልጅ ሆይ፣ ምድጃውን ትከል። ግን በደንብ ትከለው።

ሞላ የጠራው | ጥቅምት 13

እኅቴ፣ የፍሙን ነገር አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ ለእኅቴ ቤት እደውላለሁ።

ከዴንቨር | ጥቅምት 15

ጽሑፋችሁን ያየሁት ዘግይቼ ነው። እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ተራራ ሥር ነው፤ ቤታችን በእንጨት ምድጃ ይሞቃል። ስገባ የነበረውን አሮጌ ቱቦ አስነቅዬ እንደገና ስተክል ብዙ ተምሬያለሁ።

መጀመሪያ፣ «ጭስ ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል» የሚለው ትክክል አይደለም። ጭስ የሚወጣው ቱቦው ውስጥ ያለው ትኩስ አየር ከውጭው አየር ስለሚቀልል ነው። ያ ልዩነት ነው ጭሱን የሚስበው። ቱቦው ረጅምና ሙቅ ከሆነ ይስባል፤ አጭርና ቀዝቃዛ ከሆነ አይስብም። ግድግዳ በስቶ ወጥቶ አንድ ሜትር ብቻ ውጭ የቆመ ቱቦ ሁለቱም ጉድለት አለበት። ነፋስ በዚያ ግድግዳ በኩል በመጣ ቁጥር ጭሱን መልሶ ወደ ክፍሉ ይገፋዋል። በተለይ ሌሊት፣ እሳቱ እየሞተ ፍም ብቻ ሲቀር ስበቱ ይደክማል። እኅታችን የጻፈችው ጋዝ የሚበዛው ደግሞ በዚያን ሰዓት ነው።

ከፍታው በእናንተ አገር ተጨማሪ ጥያቄ ያመጣል። እዚህ አብዛኞቹ የምድጃ አምራቾች ከምድጃው ወለል እስከ ቱቦው ጫፍ 4.5 ሜትር ገደማ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ያ ግን ለቆላ አገር ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ6 ሜትር በታች አትውረድ።

ቱቦው በቤቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በጣሪያው አናት አጠገብ ይለፍ። በቤት ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ ይሰጣል፣ ራሱም ሞቆ ይቆያል። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ የቱቦው ጫፍ ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፣ እንዲሁም በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም የጣሪያ ክፍል በ60 ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ ያዛል። አናቱ አጠገብ ካወጣኸው ሁለቱም በቀላሉ ይሟላሉ።

ሌሊት እንቅልፍ ሊነሣህ የሚገባው ግን ኮርኒሱ ነው። ነጠላ የብረት ቱቦ ከማንኛውም የሚቃጠል ነገር 45 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ቺፑድ ይቃጠላል። ሞራሌ ይቃጠላል። ሰዎች «እጄን አስጠግቼ አይቻለሁ፣ እንጨቱ ብዙ አይሞቅም» ይላሉ። እንጨት ግን ለወራት ቀስ በቀስ ሲደርቅና ሲከስል ከቆየ በኋላ እሳት የሚይዝበት ሙቀት እየወረደ ይመጣል። ሁለት ዓመት ምንም ያልሆነ ቤት በሦስተኛው ዓመት የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቱቦዎቹን መጋጠሚያ በተመለከተ፦ የላይኛው ቱቦ በታችኛው ውስጥ ይግባ እንጂ በላዩ አይውጣ።

ብየዳ ቤት | ጥቅምት 15

የመጨረሻው ላይ አልስማማም። የላይኛው በታችኛው ውስጥ ከገባ ወደ ላይ የሚሄደው ጭስ በክፍተቱ አይወጣም? እኛ ሁልጊዜ የላይኛውን እንደ ኮፍያ ነው የምናለብሰው።

ከዴንቨር | ጥቅምት 16

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የሚስብ ቱቦ ጭስ አያፈስስም፤ ክፍተት ቢኖር እንኳ የክፍሉን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የሚፈስሰው ቅጥራኑ ነው። የእንጨት ጭስ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ወደ ታች ይወርዳል። የላይኛው ቱቦ በታችኛው ውስጥ ከገባ ፈሳሹ ወደ እሳቱ ተመልሶ ይቃጠላል። እንደ ኮፍያ ከለበሰ ግን በየመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ ሽታውም ከቤት አይወጣም፣ እሳትም ይይዛል።

ብየዳ ቤት | ጥቅምት 16

አሁን ገባኝ። ከአንድ ደንበኛዬ ቤት ቱቦ ላይ ጥቁር ነገር እየወረደ ግድግዳውን ሲያበላሽ የዝናብ ውኃ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጣሪያ ወጥቼ ነበር። ሄጄ እገለብጥላቸዋለሁ።

ከጣሪያ በላይ ያለው ግን በመጋጠሚያው ዝናብ ያስገባል። ስለዚህ ውጭ የሚታየውን ክፍል ያለ መጋጠሚያ አንድ ወጥ አድርጌ እበይደዋለሁ። የላሜራው ቁመት 2 ሜትር ስለሆነ ይበቃል።

አሮጌው ግንበኛ | ጥቅምት 18

ልጆቼ፣ እኔ የማውቀው ድንጋይና ጡብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በድሮ ቪላዎች የእሳት ምድጃ ሠርቻለሁ፣ ጠግኛለሁም። የድንጋይ ጭስ ማውጫ ዕድሜው ረጅም ነው፤ አንዴ ከሞቀም ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ለጭቃ ቤት ግን አልመክርም። የራሱ መሠረት ያስፈልገዋል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከቆመ ቤቱ አንድ ጣት በሰመጠ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ኮርኒሱ ውስጥ ተሸሽጎ አይታይም። ሠራተኞች የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ ይለስናሉ፤ ሲሚንቶ በእሳት ሲመታ ይፈረካከሳል። አይሆንም።

ብረቱን ትከል፣ ልጄ። ከድንጋዩ ሥራ ግን ሁለት ነገር ውሰድ። ምድጃው የሚቀመጥበትን ወለል በሸክላ ጡብ አንጥፍ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ግማሽ ሜትር ያህል ይለፍ፣ ፍም ቢወድቅ የሚያርፍበት። ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ደግሞ አምነህ አትተወው። ጭቃ አይቃጠልም፤ በውስጡ ያለው ጭድና ማገር ግን ይቃጠላል። በግድግዳውና በምድጃው መካከል የጡብ ግድግዳ አቁም፤ ከኋላው ሦስት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ተውለት፣ ከታችና ከላይ አየር ይለፍበት።

የሸዋ ልጅ | ጥቅምት 20

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ባለሙያ አሰናብቼ ሌላ ብረት ሠራተኛ ይዣለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። በፋብሪካ የተሠራ ድርብ ቱቦ አላገኘሁም። ታዲያ ኮርኒሱንና ጣሪያውን እንዴት ልለፍ? ደግሞም ዝናብ እንዳያስገባ ምን ይደረግ?

ብየዳ ቤት | ጥቅምት 21

እኔ እንዲህ እሠራ ነበር። ቱቦው 15 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በየአቅጣጫው 45 ጨምርበት፤ 105 ይሆናል። ከቺፑዱ ላይ 105 በ105 የሆነ ካሬ ቁረጥና አውጣ። ቦታውን በላሜራ ድፈነው፤ መሐሉ ላይ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከቱቦው በሁለት ጣት ይስፋ፣ አየር እንዲመላለስ። ከላይ ሞራሌ በዚያ ክልል ውስጥ ካለፈ ቆርጠህ በብረት ተካው። ይህን አንዳንድ ሰው እንጨት ማባከን ይለዋል፤ እንጨቱ ቤት ሆኖ እንዲቀር የሚደረግ ነው።

ከጣሪያ በላይ ያለው ክፍል እንዳይቀዘቅዝ ደግሞ ውጭውን ባለ 25 ሴንቲ ሜትር ሌላ ቱቦ አልብሰው፤ በሁለቱ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። እዚያ ውስጥ የደረቀ ፑሚስ ሙላበት፤ ብሎኬት ከሚያመርቱ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ቀላል ድንጋይ ነው፣ በውስጡ አየር ስለያዘ ሙቀት አያሳልፍም። የውጭው ልብስ ጋልቫናይዝድ ቢሆን ችግር የለውም፣ እሳቱ አያገኘውም። ላዩን በክዳን ዝጋው፣ ፑሚሱ ውኃ እንዳይጠጣ።

ለዝናቡ፦ ከላሜራ እንደ ቀሚስ ወደ ታች የሚሰፋ ነገር ሥራ። የላይኛው ጠርዙ ከላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ የታችኛው ጠርዙ ከታች ባለው ቆርቆሮ ላይ ይረፍ። ብዙ ሠራተኛ ሙሉውን በላዩ ያስቀምጥና በሲሊኮን ይሞላዋል፤ የመጀመሪያው ሐምሌ ያሳብቅበታል። ከቀሚሱ በላይ ቱቦው ላይ ጥብቅ አንገትጌ እሰር። ከጣሪያ በላይ 1.5 ሜትር ካለፈ በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጥረው፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ አይምርም። ጫፉ ላይ ኮፍያ ይኑረው፤ ከቱቦው አፍ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አለዚያ ራሱ ያፍነዋል።

ከዴንቨር | ጥቅምት 21

በጣም ጥሩ ሥራ ነው። እኔ የምጨምረው ሦስት ነገር ነው። የቱቦው ሥር ላይ የጽዳት በር አድርግ፤ ጥቀርሻና ቅጥራን 3 ሚሊ ሜትር ከወፈረ መጥረግ አለበት፤ ከተቀጣጠለ በቱቦው ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚነድ እሳት ይሆናል። ክፍሉ ደግሞ አየር ይፈልጋል፦ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳው ግርጌ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ብሳ፣ በወንፊት ሽፈነው፣ እናትህ በጨርቅ እንዳይደፍኑት ምክንያቱን አስረዳቸው። እንጨቱም ይድረቅ። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ያኔ ፍለጠውና አንድ በጋ ሙሉ ከዝናብ ተጠልሎ ነፋስ ይምታው። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያመነጨው ቅጥራን የትኛውንም ቱቦ ይዘጋል።

አንኮበሬዋ | ኅዳር 2

ይቅርታ በመካከል ስገባ። እኛ የምናነደው አብዛኛውን ጊዜ ኩበት ነው። በእንደዚህ ዓይነት ምድጃ ይሆናል?

ከዴንቨር | ኅዳር 2

እኅቴ፣ ይነድዳል፤ ግን እየጨሰ ቀስ ብሎ ነው የሚቃጠለው፣ አመዱም ብዙ ነው። ቱቦውን በየሁለት ሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። እሳቱን በደረቅ እንጨት አስነሥተሽ ቱቦው ከሞቀ በኋላ ኩበት ብትጨምሪ ይሻላል። ሌሊት በኩበት ሞልቶ አየሩን ዘግቶ መተኛት ግን በፍጹም አይሆንም።

የሸዋ ልጅ | ታኅሣሥ 9

ተጠናቀቀ። ዝርዝሩን ልጻፍ፣ ለሌላው ይጠቅማል።

ከምድጃው ወለል እስከ ኮፍያው 6.10 ሜትር ሆነ። አንድ ሞራሌ ቆርጠን በብረት ተካን። ሞራሌውን ስናወጣ ከቀድሞው ማብሰያ ጭስ የተነሣ ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ነበር። ከጣሪያ በላይ ያለውን አንድ ወጥ አድርገን በፑሚስ አለበስነው። ጡቡን ጋሼ እንዳሉት አነጠፍነው፤ ከኋላ የቆመው የጡብ ግድግዳም ክፍተቱን ይዟል።

ምድጃው መጀመሪያ የነደደው ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ ነው። አዲሱን ላሜራ የዘይቱ ሽታ እስኪጠፋ ግቢ ውስጥ አነደድንበት። ከዚያ ቤት አስገብተን ከገጠምን በኋላ እናቴ ዕጣን አምጥታ በምድጃው በር አፍ ላይ ያዘችው። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እንይ አለች። ቀዝቃዛ ሳለ ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ተበተነ፤ ፈራሁ። አንድ ጋዜጣ ጠቅልዬ ከቱቦው ሥር በጽዳት በሩ በኩል አነደድሁ፤ ወዲያው ዕጣኑ ተጎትቶ ገባ። ቱቦው ካልሞቀ እንደማይስብ በዓይኔ አየሁ። አሁን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀጣጠለው።

አንድ ችግር ነበር፦ በሩ በፍጥነት ሲከፈት ጭስ ወደ ቤት ይወጣል። የአየር ማስገቢያውን መጀመሪያ ከፍቶ፣ ትንሽ ቆይቶ በሩን ቀስ ብሎ መክፈት እንደሚሻል ደርሰንበታል።

ትናንት ሌሊት ውጭ ውርጭ ነበር። አራት ሰዓት ላይ እሳቱን አጥፍተን ፍሙን አወጣን፤ ጡቡ ግን ሙቀቱን ይዞ ቆየ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለኪዳን ስትነሣ እናቴ ጋቢዋን አልጋው ላይ ጥላ ነው ወደ በሩ የሄደችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየሁት።

ነርሷ | ታኅሣሥ 9

ዓይኔ እንባ ሞላ። እናታችንን ሰላም በልልኝ። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን ቸል አትበል፤ ያንን ቀን ምድጃው ሳይነድ ቱቦው ይታይ።

ሞላ የጠራው | ታኅሣሥ 10

የሸዋ ልጅ፣ ለእኅቴ ቤት ልጀምር ነው። የቀሚሱን ልክ ልትልክልኝ ትችላለህ?

የሸዋ ልጅ | ታኅሣሥ 10

በደስታ። የታችኛው ጠርዝ 70 በ70 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 25፣ የአንገቱ ቀዳዳ 26 ነው። ነገር ግን ቆርቆሮውን ከመቁረጥህ በፊት ከኮርኒሱ በላይ ወጥተህ ሞራሌው የት እንዳለ እይ።